የሻዩን ስኳር ማን ይያዝ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔ ድሬዳዋ ለገሃሬ ትንሽ ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ፣ ከዱቤ ደብተር ሌላ ፅፌ አላውቅም፣ እና ስህተት ካለው አርማችሁ አውጡልኝ፣ እንዳታሳጥሩት ግን አደራ። ነገሩ ባለፈው እሁድ እድራችን ተሰብስቦ ሊበተን ሲል ስለተነሳው የአረጋውያን ቤት ነው። ሀሳቡ ጥሩ ነው፣ ማንም አልተቃወመም፣ እኔም አልቃወምም። ውጪ ያለ የሰፈራችን ልጅ ብር እሰጣለሁ ብሏል፣ መሬትም አይጠፋም ተብሏል፣ አንድ ወጣት ኢንጂነር ደግሞ ፕላኑን በላፕቶፕ አሳየን፣ በዚህ በኩል የወንዶች ማደሪያ፣ በዛ በኩል የሴቶች፣ መሀል መመገቢያ አዳራሽ፣ ዙሪያውን አጥር፣ በሩ ላይ የጥበቃ ቤት። ያምራል፣ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄን አውጥቼ ነበር፣ ሰብሳቢው ሰዓት ሄዷል አሉ፣ ወንበሩም ለሌላ ለቅሶ ይፈለግ ነበር፣ በቃ ተበተንን። ልጠይቅ የነበረው አንድ ነገር ነው፣ እዛ ቤት ሲገቡ የሻዩን ስኳር ማን ነው ሚይዘው?

ትስቁ ይሆናል። ቆይ ላስረዳችሁ።

እኔ የሰፈሬን ሽማግሌዎች ማውቃቸው በዱቤ ነው። ጡረታ ሲወጣ ማን መጥቶ እንደሚከፍል፣ ወሩ ሲያልቅ ማን አፍሮ በጀርባ መንገድ እንደሚዞር፣ ማን ሩብ ኪሎ ስኳር እንደሚወስድ ማን ደግሞ በማንኪያ አስለክቶ በፌስታል እንደሚቋጥር ደብተሬ ላይ አለ። ከነሱ አንዱ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ፍሬን የሚላቸው ሰውዬ ናቸው፣ ምድር ባቡር ፍሬን ያዥ ስለነበሩ ነው ስሙ የወጣላቸው፣ እንደ ድሮ የባቡር ሰዎች ፈረንሳይኛ ስለሚቀላቅሉ እስከዛሬ ሱቅ ሲመጡ ቦንዡር ማዳም ብለው ነው። ሚስታቸው ከሞቱ ቆዩ፣ አንድ ልጅ ጅቡቲ አላቸው፣ ይደውል አይደውል ጠይቄ አላውቅም። ከሰዓት ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ሲል ሽርጣቸውን አገልድመው ከዛፏ ስር ይቀመጣሉ፣ ጥርስ ስለሌላቸው ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ከስኳር ጋር ወቅጠው ነው ሚቅሙት፣ ያቺ ዘነዘና ጧ ጧ ማለት ስትጀምር 9 ሰዓት እንደሆነ ማንም ሰዓት ሳያይ ያውቃል። (ጫት ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም አቦ፣ እንዳትጣሉኝ።)

የዛሬ ሁለት ዓመት ወደቁና እግራቸው ተጎዳ። ማን ያስታምም ሲባል ዘመድ ነኝ ያለ ሰው መጣና ሌላ ከተማ አንድ የአረጋውያን ማቆያ አስገባቸው። ስሙን አልጠራም፣ ሰዎቹም ክፉ አልነበሩም፣ አልጋው ንፁህ ነው ምግቡም በሰዓቱ ነው፣ ይሄን ራሳቸው ጋሽ ፍሬን ይመሰክራሉ። በ23ኛው ቀን ማታ ሱቄን ልዘጋ ስል አንድ ባጃጅ መጥቶ ቆመ፣ ጋሽ ፍሬን ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ወረዱ። ቱታ! እኔ ቱታ ለብሰው አይቻቸው አላውቅም፣ እጅጌው ረዝሞባቸው ጣታቸው አይታይም። ምነው ጋሼ ምን ሆኑ ብዬ ስደነግጥ መጀመሪያ ያሉት ምን መሰላችሁ፣ «ሩብ ኪሎ ስኳር ስጪኝ፣ ፃፊው።»

ከዛ ሳጥን ላይ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ሲገቡ ሽርጣቸውን ይታጠብ ብለው ወሰዱ፣ አልመለሱም፣ እዛ ሁሉም ሰው ቱታ ነው። ሬዲዮናቸው ሌላውን ይረብሻል ተብላ ስቶር ገባች። ሙቀጫዋማ ከበር አላለፈችም። ሻይ በቀን ሁለቴ በትልቅ ጀሪካን፣ ስኳሩ ገብቶበት ተማስሎ ይመጣል፣ ለሁሉም እኩል። ጋሽ ፍሬን አራት ማንኪያ ነው ሚወዱት (ስኳር በሽታ የለባቸውም፣ ሀኪሙንም ይገርመዋል)። ጨምሩልኝ ቢሉ አባባ ለርስዎ ብቻ አይሆንም አሏቸው። ውሸት አይደለም፣ ለ60 ሰው ሻይ የሚያፈላ ሰው ምን ይበል።

ይሄን ለእህቴ ልጅ በቴሌግራም ቮይስ ላኩላት። እሷ እንግሊዝ አገር ሊድስ ሚባል ከተማ ነው ያለችው፣ ሽማግሌ መንከባከብ ነው ስራዋ፣ ኬር ይሉታል። 11 ደቂቃ ቮይስ መለሰችልኝ፣ ካርዴን ጨረሰችው። አክስትዬ የጋሽ ፍሬንን ሽርጥ እኮ እዚህ ሙዚየም ውስጥ አየሁት አለችኝ። ለካ እዛ ከተማ በ1861 የተከፈተ (በፈረንጆቹ ነው፣ ከዚህ በኋላ ምፅፈው ሁሉ በነሱ ነው) የድሆች ማጎሪያ ህንፃ አለ፣ ወርክሃውስ ነው ሚሉት፣ ስራ ቤት እንደማለት፣ ዛሬ የህክምና ሙዚየም ሆኗል፣ ትልቁ ሆስፒታል ከጎኑ ነው። ከዛ ወዲህ ባገኘችው ቁጥር ትልክልኛለች፣ እኔም ደምበኛ ሲጠፋ ቁጭ ብዬ ሳዳምጥ አንድ ዓመት ሞላኝ፣ አሁን ስለ ቀፊራ ገበያ ከማውቀው ስለ ወርክሃውስ ማውቀው ሳይበልጥ አይቀርም።

ባጭሩ እንዲህ ነው። በ1834 እንግሊዞች የድሃ ህጋቸውን ቀየሩ። ከዛ በፊት የቸገረው ሽማግሌ ቤቱ እያለ የሰበካው ሰዎች ዳቦም ሳንቲምም ይደጉሙት ነበር። አዲሱ ህግ ሰበካዎቹን እየሰበሰበ ዩኒየን አደረጋቸው፣ ለየዩኒየኑ ወርክሃውስ፣ እርዳታ የፈለገ ወደዛ ይግባ ተባለ። ተንኮሉ ምን መሰላችሁ፣ የውስጡ ኑሮ ውጪ ካለ ምስኪን የቀን ሰራተኛ ኑሮ እንዲያንስ ሆን ተብሎ የታሰበ ነው፣ ሰው ፈርቶ እንዳይመጣ። ያሰቡት ሰነፍ ለሚሉት ጎረምሳ ነው። ጎረምሳው ግን አዝመራ ሲደርስ ስራ ያገኛል ይወጣል፣ ማን ይቀራል፣ ሽማግሌው፣ አሮጊቷ፣ በሽተኛው፣ ወላጅ የሌለው ልጅ። እርግጥ ብዙ ሽማግሌ ቤቱ ሆኖ ትንሽ ሳንቲም ማግኘቱ ጨርሶ አልቀረም፣ ሰው የሌለውና ራሱን ማንሳት ያቃተው ግን መጨረሻው እዛው ነው።

ሲገቡ ያጥቧቸዋል፣ የራሳቸውን ልብስ ወስደው አጥበው ስቶር ያስገቡታል፣ ዩኒፎርም ይሰጧቸዋል። ቀኑ በደወል ነው። ደንቡ እንደሚለው ከመጋቢት እስከ መስከረም በኛ ሰዓት ጠዋት 12 መነሳት፣ 12 ተኩል ቁርስ፣ ከ1 እስከ 6 ስራ፣ 6 ሰዓት ምሳ፣ ከ7 እስከ ማታ 12 እንደገና ስራ፣ እራት፣ 2 ሰዓት መኝታ። ይሄ አቅም ላለው ነው፣ ለሽማግሌና ለደካማ ሰዓቱን አስተዳዳሪዎቹ ያወጡለታል፣ እሱ ግን አያወጣም። ስራው ደግሞ፣ ሴቶቹ ያጥባሉ ልብስ ይሰፋሉ፣ ከራሳቸው የባሰ በሽተኛ ያስታምማሉ፣ ምንም ሳይማሩ ማለት ነው፣ የአስታማሚው ስራ ለብዙ ዘመን በነዚህ አሮጊቶች ላይ ነበር። ሽማግሌው ሬንጅ የጠጣ የድሮ የመርከብ ገመድ ይሰጠዋል፣ በጣቱ እየፈታ ጭረት ጭረት ያደርገዋል፣ እሱ ተሽጦ የመርከብ ሳንቃ ቀዳዳ ይደፈንበታል። አስቡት፣ ሬንጅ ደርቆበት ድንጋይ የሆነ ገመድ ቁርጥማት በያዘው ጣት። ያም ካቃተው ግድግዳ ስር አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ መቀመጥ ነው። የእህቴን ልጅ ያስለቀሳት ገመዱ አልነበረም፣ ወንበሩ ነው፣ መደገፊያ የለውም አለችኝ።

አሁን ስኳሩ ጋ ደረስኩ። ቁርስ በአብዛኛው ቀጭን አጥሚትና ዳቦ ነው። ያኔ አስተዳደሩ ካወጣቸው የምግብ ሰንጠረዦች በአንዱ ላይ ግን 60 ዓመት የሞላው ሽማግሌ በአጥሚቱ ፋንታ በሳምንት አንድ አውንስ ሻይ ቅጠል፣ አምስት አውንስ ቅቤና ሰባት አውንስ ስኳር ሊፈቀድለት ይችላል ይላል፣ ተገቢ ሆኖ ከተገኘ። እኔ ባለሱቅ ነኝ፣ አውንስ ሲሉኝ ዝም አልልም፣ ልጄን በስልክ አስፈልጌ ሚዛኔ ላይ አወጣሁት። ሻይ ቅጠሉ 28 ግራም ነው፣ መዳፌ ላይ ሳደርገው መሀሉን ብቻ ሸፈነ። ስኳሩ 200 ግራም አይሞላም፣ ጋሽ ፍሬን ከኔ ከሚወስዱት ሩብ ኪሎ ያንሳል፣ የሳቸው ሩብ ኪሎ ደግሞ ሶስት ቀን አይቆይም። ግን መጠኑ አይደለም የቆጠቆጠኝ፣ ያቺ «ተገቢ ሆኖ ከተገኘ» ምትለው ነች። ማን ነው ሚያገኘው? ያ 60 ዓመት የሞላው ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ሻይ ሲያፈላ ኖሮ አሁን ስኳር ይገባዋል አይገባውም ብለው ሌሎች ጠረጴዛ ከበው ይወያያሉ። ወደ 1890ዎቹ ግን ህጉ እየላላ መጣና ለሽማግሌዎቹ ትምባሆና ሱረት፣ ለአሮጊቶቹ ደረቅ ሻይ ቅጠልና ስኳር በእጃቸው ተሰጥቷቸው ራሳቸው እንዲያፈሉ መፍቀድ ተጀመረ። ከ50 ዓመት በላይ ፈጀባቸው አሮጊቷ ሻይዋን ራሷ ታፍላ ለማለት! ስለ ጋሽ ፍሬን ሙቀጫም ያሰብኩት ያኔ ነው፣ እንግሊዞቹ እንኳን ለሽማግሌው ፒፓውን መለሱለት።

የኢንጂነሩ ፕላን ላይ ደግሞ የወንድ በዚህ የሴት በዛ ያለው ነገር አለ። ወርክሃውስም እንደዛ ነበር፣ ወንድ ለብቻ ሴት ለብቻ ልጅ ለብቻ፣ ግቢውም ሁሉ በግንብ የተከፈለ ነው፣ 40 ዓመት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት በር ላይ ሲደርሱ እሷ በግራ እሱ በቀኝ። በ1847 ሁለቱም ከ60 በላይ ከሆኑ አንድ ክፍል መጠየቅ ይችላሉ የሚል ህግ ወጣ፣ መጠየቅ ነው ያልኩት፣ ብዙ ቦታ ክፍሉ አልነበረም። እዚህ ለገሃሬ ከኔ ሱቅ አራት ቤት አልፎ እሷ አይኗ የማያይ እሱ ጆሮው የማይሰማ ሁለት ሽማግሎች አሉ፣ እሱ ያያል እሷ ትሰማለች፣ ስልክ ሲጠራ እሷ ትነግረዋለች፣ እሱ አንስቶ ጆሮዋ ላይ ያደርግላታል። እነዚህን ሁለት ማደሪያ ብትከፍሏቸው ሁለቱም አካል ጉዳተኛ ሆኑ ማለት ነው። ኢንጂነሩን አልወቅስም፣ የዩኒቨርሲቲ ዶርም ነው የሚያውቀው።

ዋናው ነገር ግን እድር ነው። ጋሽ ፍሬን ለምን ተመለሱ ብዬ በደንብ ስጠይቃቸው ስኳሩም ሽርጡም አይደለም፣ «ሁለት ወር ሳልከፍል ብቀር ከእድሬ ይሰርዙኝ ነበር» ነው ያሉት። ማቆያው ውስጥ ያሉት ሰዎች አይጨነቁ እኛ በክብር እንቀብርዎታለን ብለዋቸው ነበር፣ ለማፅናናት እኮ ነው፣ እሳቸው ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ማን ነው እኔን ሚቀብረኝ፣ የማላውቀው ሰው? አሁን ይሄ ለፈረንጅ ይገባዋል አይገባውም ብዬ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት፣ እሷ ደግሞ ከኛ ይበልጥ ገብቷቸዋል አለችኝ። በ1832 ነው፣ ወርክሃውሶቹ ከመብዛታቸው በፊት፣ ፓርላማቸው አንድ ህግ አወጣ፣ ወርክሃውስ ወይ ሆስፒታል ሞቶ ዘመድ ያልጠየቀው ሬሳ ለሀኪም ቤት ተማሪዎች መማሪያ እንዲሰጥ። ከዛ በኋላ ድሃው ሽማግሌ ወርክሃውስን የሚፈራው በቁሙ ብቻ አይደለም። ሰው ከአፉ ነጥቆ በሳምንት አንድ ፔኒ ለቀብር ማህበር ያስቀምጥ ነበር፣ ዳቦ ሳይበላ ውሎ የቀብሩን የሚከፍል ነበር፣ በድሃ ሳጥን እንዳይቀበር ብሎ። እኔ ይሄን ስሰማ የዱቤ ደብተሬን ነው ያየሁት፣ በወር መጨረሻ ስኳር በዱቤ የሚወስዱት ሰዎች የእድራቸውን በጥሬ ገንዘብ ነው ሚከፍሉት፣ አንዳቸውም እድር በዱቤ አያውቁም።

የቁጥጥሩን ነገር አንድ ብቻ ልበል። በ1845 አንዶቨር የሚባል ቦታ በማዳበሪያነት ሚሸጥ አጥንት ወርክሃውሱ ውስጥ ያስወቅጡ ነበር፣ ከረሃብ የተነሳ ሰዎቹ ሊወቅጡት ከመጣው አጥንት ላይ የገማውን መቅኔ እየጋጡ ሲጣሉበት ተገኙ፣ አገር ጉድ አለ፣ ፓርላማ ደረሰ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የበላይ ኮሚሽኑ ራሱ ፈርሶ በሌላ ቦርድ ተተካ። እና ያ ቤት አስተዳዳሪ ነበረው፣ ቦርድ ነበረው፣ የምግብ ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ነበረው። የኛም ቤት ሲሰራ ቦርድ ይቋቋማል ተብሏል፣ ቦርዱ ውስጥ እዛ የሚኖር አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ይግቡበት፣ ሳይነገር ገብቶ ምሳ የሚቀምስ ሰውም ይመደብ።

ደግሞ ወርክሃውስ እስር ቤት አልነበረም፣ የፈለገ ሰው የሶስት ሰዓት ማስታወቂያ ሰጥቶ ዩኒፎርሙን መልሶ ልብሱን ለብሶ መውጣት ይችላል። ይሄ በጣም ገረመኝ። በሩ ክፍት ነው፣ ግን ወዴት? ቤቱን ለቆ ነው የገባው፣ አልጋና ድስቱ ተሽጧል። ጋሽ ፍሬን የተመለሱት ክፍላቸውን አከራይዋ ሴትዮ ለሌላ ሰው ስላልሰጠችባቸው ብቻ ነው፣ የሁለት ወር ብትጠይቃቸው ኖሮ ዛሬ ቱታ ለብሰው እዛው ነበሩ።

እና እንግሊዞቹ ምን አደረጉ አልኳት የእህቴን ልጅ። ህንፃውን አሳመሩት ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። በ1908 የጡረታ ህግ አወጡ አለችኝ፣ ከ1909 የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ድሃ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ፖስታ ቤት ሄዶ እንዲወስድ። ትንሽ ነው፣ ዕድሜውም ብዙ ነው፣ ፀባይህ እንዴት ነው እያሉም ይመረምሩ ነበር፣ የድሃ እርዳታ ሲቀበል የቆየ ደግሞ መጀመሪያ ላይ አይገባውም ተባለ። ግን በእጁ ነው። አምስት ሽልንግ ይዞ የመጣን አባት ልጁ ቤት ማስጠጋት ይቀላል፣ ሸክም አይሆንማ፣ አከራይም አታባርረውም፣ ባለሱቅም ዱቤ ትሰጠዋለች (ይሄን እኔ ነኝ የጨመርኩት)። ወርክሃውሱ በህግ የቀረው በ1930 ነው፣ ህንፃዎቹ ሆስፒታልና የሽማግሌ መኖሪያ ሆኑ፣ የእህቴ ልጅ ታስታምማት የነበረች የ90 ዓመት አሮጊት እዛ ሆስፒታል አልሄድም ብላ እግሯን ተክላ ነበር፣ ለምን ሲሏት አያቴ እዛ እንዳትወስዱኝ ብላለች አለች። ህንፃው ውስጥ ምርጥ ዶክተር አለ፣ ምን ዋጋ አለው፣ የድሮው ስም ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

እዚህ ላይ አንዳንዱ እንግዲህ ቤቱ አይሰራ ነው ምትይው ይለኛል። አይደለም። ሌሊት ለገሃር ባቡር ጣቢያው አካባቢ በረንዳ ላይ የሚያድሩትን አይቻለሁ፣ ለነሱ ቤቱ ነገ ቢከፈት ደስ ይለኛል፣ እኔም ሳሙናና ሻይ ቅጠል ከሱቄ አዋጣለሁ። ምለው የሚሰበሰበው ብር ሁሉ ብሎኬት አይሁን ነው። ጎረቤትና አከራይ እያለው በወር የቤት ኪራይና የስኳር ብቻ የጎደለው ሰው ስንት ነው በዚህ ሰፈር፣ ሴፍቲኔቱ ያልደረሰው፣ ጡረታው ለሁለት ሳምንት የሚበቃው? እሱን ቱታ ከምናለብሰው ኪራዩን ብንደጉመውና አንዲት ልጅ ቀጥረን ቤት ለቤት ልብስ ብታጥብ መድሃኒት ብታመጣ፣ እኔ ደብተር መያዝ እችላለሁ፣ በነፃ። ቤቱ ለሚገባው ሰውም ቁም ሳጥኑ ከነቁልፉ ይሁንለት፣ ባልና ሚስት አንድ ክፍል፣ እድሩን እዛ ሆኖ እንዲከፍል በየወሩ የሚወስድለት ሰው፣ ሻዩም በጀሪካን ሳይሆን ስኳሩ ለብቻው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። የስኳር ዋጋ አሁን ስንት እንደሆነ ከኔ በላይ ማንም አያውቅም፣ ቢሆንም።

ሙቀጫውን በተመለከተ ቦርዱ ይወስን፣ እኔ አልገባበትም።

ቀጣዩ ስብሰባ የወሩ መጨረሻ እሁድ 3 ሰዓት ነው። ጋሽ ፍሬን እመጣለሁ ብለዋል፣ ይሄን ደብዳቤም አንብቤላቸዋለሁ፣ ስለ ጫቱ ለምን ፃፍሽ ብለው ትንሽ ተቆጡ፣ አራት ማንኪያ ያልኩትንም ሶስት ተኩል በይው አሉኝ። ጋዜጣው ከስብሰባው በፊት ከወጣ ሁለት ኮፒ ለኔ ይቀመጥልኝ፣ አንዱ ለኢንጂነሩ ነው።

ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ
ባለሱቋ አንባቢያችሁ